ጠጋ ጠጋ ተባብለን የት ልንደርስ?

(ይህ ጽሑፍ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ከተማችን ኑሮ በተካሄደ ውይይት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በወረቀት የያዝኩትንና በቃል ያልኩትን አደባልቄ፣ ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።)



ፕሮግራሙ በ9 ሰዓት ይጀመራል ነበር የተባለው። በ9 ሰዓት ቆጥሬያችኋለሁ፤ ከአዘጋጆቹ፣ ከድምፅ ማጉያው ሠራተኛና ከኔ ሌላ 11 ሰው ነበር። በ9 ከሩብ 20 ሞላችሁ። አሁን ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ይኸው ወንበር ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አሉ። እያንዳንዱ ሰው በበሩ ሲገባ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምን እንደሚል ለማወቅ መስማት አያስፈልገኝም። ‹‹መንገዱ...›› ነው የሚለው። በአዲስ አበባ ‹‹መንገዱ›› ብሎ ማቆም ይበቃል፤ ማሰሪያ አንቀጽ አይፈልግም። ድሮ ‹‹የሐበሻ ቀጠሮ›› እየተባልን እንታማ ነበር። አሁን ሐሜቱ ቀርቶልናል፤ ጥፋቱን በሙሉ መንገዱ ተሸክሞልናል። አንዳንዱማ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ‹‹መገናኛ ነኝ፣ ተዘጋግቷል›› ይላል በስልክ። የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውየው ቢዋሽም መገናኛ እውነትም ተዘጋግቶ መሆኑ ነው።

እኔ የመንገድ መሐንዲስ አይደለሁም። የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ ለየጋዜጣው እየጻፍኩ የምተዳደር፣ ጽሑፌ ሲታተም የሚከፈለኝ፣ ሳይታተም ሲቀር ደግሞ የታክሲ ሒሳብ የምከስር ሰው ነኝ። መኪና የለኝም። ‹‹ታዲያ ስለ መኪና መጨናነቅ ምን አግብቶህ?›› የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ በየቀኑ ውስጡ ነኝ። ጎማው ላይ ተቀምጬ። (ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ጎማው ከፍ ያለበትን መቀመጫ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉልበትና አገጭ የሚገናኙበት ነው።)

ባለፈው ጊዜ አንድ ነገር ልሞክር አልኩ። ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ማታ ከሥራ መውጫ ላይ፣ አንድ ቀን በታክሲ፣ አንድ ቀን በእግሬ ሄድኩ። ሰዓቴን ይዤ ነው ታዲያ። በታክሲ፣ ሰልፉን ሳልቆጥር፣ 55 ደቂቃ። በእግሬ፣ የቸርችልን ዳገት አንድ ጊዜ ቆሜ አርፌ፣ 40 ደቂቃ። እግረ መንገዴን ቆሎ ገዝቻለሁ። በመኪና ዘመን ከመኪና ቀድሜ ፒያሳ ገባሁ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ሲያዩ ከበቅሎ ትፈጥናለች ተብለው ነበር መቼም። ዛሬ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ሁለቱን አወዳድሩ ብባል ገንዘቤን በበቅሎዋ ላይ ነው የማሲዘው።

እስቲ አሁን ደግሞ ከሳቁ ወጣ እንበል።

ልጅ አለችኝ፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ክፍል ናት። ድሮ ካዛንቺስ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ኪራዩ ሲጨምር፣ ሲጨምር... ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ወጣን። ትምህርት ቤቷ ግን እዚያው መሐል ከተማ ቀረ፤ ባለቤቴ የምትሠራው እዚያው አካባቢ ነውና ያለው ምርጫ ያ ነው። ልጅቱ በ11 ሰዓት ሌሊት ትነሣለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ በ11 ሰዓት ስትቀሰቀስ ምን እንደምትመስል የምታውቁ አላችሁ። ካልሲዋን የማጠልቅላት ተኝታ ነው። ታክሲ ውስጥ እናቷ ጭን ላይ ትተኛለች። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስንደርስ እራቷን ከአፏ ሳትጨርስ ትተኛለች። ስለዚህ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የት ይመስላችኋል? ታክሲ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን መምህሯ በደብተሯ ላይ ‹‹ጽሕፈት ትለማመድ›› ብለው ጽፈው አገኘሁ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። ፊደሎቹ አንዳንዱ ቀጥ ብሏል፣ አንዳንዱ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ተንገዳግዷል። ‹‹ይቺ ‹ለ› ምን ሆና ነው እንዲህ የሆነችው?›› አልኳት። ‹‹መኪናው እየሄደ ነበራ!›› አለችኝ። ‹‹ይቺኛዋስ?›› ‹‹እሷ ቆመን ነው።›› ከዚያ ወዲህ የልጄን ደብተር እንደ ትራፊክ ዘገባ ነው የማነበው። የተጣመመው መስመር መኪናው የተንቀሳቀሰበት ነው፤ የተስተካከለው የቆመበት። በቅርቡ መምህሯ ‹‹ተሻሽላለች፣ በርቺ›› ብለው ጽፈውላታል። ባለቤቴ ደስ አላት። እኔ ግን ምክንያቱን ስለማውቀው ዝም አልኩ።

የሚባክነው ነዳጅ ነው፣ የሚባክነው የሥራ ሰዓት ነው እያሉ ባለሙያዎች ይነግሩናል፤ ልክ ናቸው። እኔ ዘንድ የሚባክነው ግን የአንዲት ልጅ እንቅልፍ ነው። ተደምሮ በሪፖርት የሚወጣ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ይህች ከተማ እንዴት እንዲህ ተጠላለፈች?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ፍል ውኃ አጠገብ ነው። ቤተ መንግሥቱ በጉብታ ላይ፣ መኳንንቱም ከነሠራዊታቸው በየጉብታቸው ላይ ሰፈሩ። ‹‹ሰፈር›› የሚለውን ቃል ያገኘነው ከዚያ ነው፤ የጦር ሰፈር ነበረ። በጉብታና በጉብታ መካከል ደግሞ ወንዝ አለ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ... ሁሉም ከእንጦጦ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ ቀላል ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ልሻገር ካልክ ግን ድልድይ ያስፈልግሃል፤ ድልድዩ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይ፤ ከፒያሳ መርካቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። የፈለገውን ያህል ሰፊ መንገድ ብትሠራ መኪናው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በዚያች በቅል አንገት ማለፍ አለበት። አስፋልቱ የተዘረጋው በበቅሎ መንገድ ላይ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትን።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የአራዳን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ ያኔ ነው መርካቶ የሆነው። ሱቁን በአንድ ወገን፣ ቢሮውን በሌላ ወገን አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ በዚያው ላይ ሲደርብ ኖረ። ሚኒስቴሩ መሐል፣ ባንኩ መሐል፣ ትልልቁ ሆስፒታል መሐል፣ ስታዲየሙ መሐል፣ ጥሩ ነው የሚባለው ትምህርት ቤት መሐል።

ሰዉስ? ሰዉ ወደ ዳር ወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩትን ኮንዶሚኒየሞች አስቧቸው፤ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቤት ማግኘቱ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ተከራይቼ የምኖርበት ስለሆነ አላማውም። ግን ቤቱን ሠርተው መኝታችንን ወደ ዳር ሲያወጡ እንጀራችንን መሐል ላይ ትተውት ነው። በአገሪቱ ካሉት ተሽከርካሪዎች ግማሽ ያህሉ በዚህች አንዲት ከተማ ውስጥ ናቸው ይባላል፤ ችግሩ ግን የመኪና ብዛት ብቻ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ መሄዱ ነው። ጠዋት ከተማው በሙሉ ወደ መሐል ይፈስሳል፣ ማታ በሙሉ ወደ ዳር። በሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ይከፈታል፣ በዚያው አካባቢ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ባንክ ይከፈታል። ሰርግ ላይ እንኳ እድምተኛው በየተራ ነው የሚበላው!

አሁን ወደ ታክሲ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታክሲውን ሁላችንም እንረግማለን። መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይጭናል፣ አስፋልት ዘግቶ ያወርዳል፣ ትርፍ ይጭናል፣ ‹‹ጠጋ ጠጋ በሉ›› ይለናል። ከሁሉ የከፋው ግን ማቆራረጡ ነው። ከመገናኛ አያት መሄድ ያለበት ሲኤምሲ ላይ ‹‹እዚህ ድረስ ነው›› ይልና ያራግፈናል። እዚያው ዞሮ ይመለሳል። እኛ ደግሞ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ሒሳብ።

አንድ ምሽት ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ገብቼ ነበርና ‹‹የኔ ወንድም፣ ለምንድን ነው የምታቆራርጡት?›› አልኩት። አልተቆጣም። ‹‹ወንድሜ፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ። መንገድ ተዘጋ አልተዘጋ አይቀነስልኝም። ድሮ ማታ አራት ምልልስ እሠራ ነበር፤ አሁን ሁለትም አይሞላልኝ። ነዳጁ ቆሜም ይነዳል። ባላቆራርጥ ለባለቤቱ ሠርቼ ባዶ እጄን ልገባ ነው›› አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለኝ ነው የማይረሳኝ። ‹‹አንተ የምትበሳጨው ለአንድ ሰዓት ነው፤ እኔ 14 ሰዓት እዚህ ነኝ።››

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚዞር ልብ በሉልኝ። መንገዱ ሲዘጋ የታክሲው ምልልስ ይቀንሳል። ምልልሱ ሲቀንስ ታክሲው ያቆራርጣል፤ ሰልፉ ይረዝማል። ሰልፉ ሲረዝም፣ ዝናቡና ብርዱ ሲጠና፣ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመው ሰው ‹‹በቃኝ!›› ይላል። ዕቁብ ይጥላል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ያገለገለች ቪትዝ ይገዛል። ማን ይፈርድበታል? እኔም ባገኝ እገዛ ነበር። ግን ያች ቪትዝ አስፋልቱ ላይ ስትወጣ መንገዱ የባሰ ይዘጋል፣ ምልልሱ የባሰ ይቀንሳል። ሰልፉ መኪና ይወልዳል፣ መኪናው መልሶ ሰልፍ ይወልዳል።

ሒሳቡ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ነው፤ ልጄም ትሠራዋለች። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይዞ አስፋልቱ ላይ የሚወስደው አምስት ሜትር ገደማ ነው። እነዚሁ 12 ሰዎች ለየብቻቸው በ12 ቪትዝ ቢወጡ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲታሰብ፣ 60 ሜትር ይይዛሉ። የከተማ አውቶቡስ ቆሞም ተቀምጦም እስከ 100 ሰው ይዞ 12 ሜትር ገደማ ነው። መቶው ሰው በየመኪናው ቢወጣ ሰልፉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው! ታዲያ አውቶቡሱ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ኋላ ቆሞ እንደ ማንኛውም ቪትዝ ተራውን ይጠብቃል። መቶ ሰው የጫነው አንድ ሰው የጫነውን ይጠብቃል። እኔ እንደሚገባኝ ፍርደ ገምድልነት ማለት ይህ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ይግባ ተብሏል። ጭሱን ይቀንሳል፣ የውጭ ምንዛሪም ይተርፋል፣ ጥሩ ነው። ግን ጎበዝ፣ የኤሌክትሪኩም መኪና አራት ሜትር ነው። አይጮህም፣ አያጨስም... መንገድ ግን ይዘጋል።

‹‹ባቡር አለ አይደል?›› የሚል ድምፅ ከኋላ የሰማሁ መሰለኝ። አዎን፣ አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እኔም ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በስታዲየም ላይ ከፍ ብሎ ሲያልፍ ከላይ ሆኜ የቆመውን መኪና እያየሁ ‹‹ተገላገልን›› ብያለሁ። ፕሮጀክቱ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ከመቶ 85ቱ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች መጡ። ከዚያስ? መለዋወጫ ጠፋ፣ ምንዛሪ ጠፋ፣ ጥገናው ወደኋላ ቀረ። በ2015 ዓ.ም ገደማ ከ41ዱ የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቀሩ። ባቡሮቹ ቆሙ፤ ብድሩ ግን አልቆመም።

ባቡሩ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሐዲዱና አጥሩ ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ቃሊቲ በሚወስደውም፣ አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለይቶታል። ፊት ለፊትህ ያለ ቤት ለመግባት መኪናው ሩቅ ሄዶ መዞር አለበት፤ እግረኛውም አጥር ይዘላል። የባቡሩን ጥቅም ግማሹን እንኳ ሳናገኝ የአጥሩን ጉዳት ሙሉውን ከፈልን። ይህን ስል ‹‹ልማት አይወድም›› የሚለኝ አይጠፋም። ባቡሩን እወደዋለሁ፤ የምወደው ሲሄድ ስለሆነ ነው የምናገረው። ሐዲድ መዘርጋት ሪባን ይቆረጥበታል፤ ብሎን መቀየር አይቆረጥበትም። ችግራችን ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት አለ። እዚህ ላይ የማየውን ልናገር። እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ እኔ የእግር ሰው ነኝና ይህን አልክድም፣ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ቦሌ መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ሳልገባ መሄድ ችያለሁ። በዚህች ከተማ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር የሚደረግ መሆኑን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል፤ ለእግረኛ መሥራት ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው፣ ሲከፈል ግን ተከፈለ እንላለን። የብስክሌት መንገዱም መልካም ነው፣ ብስክሌቱ ሲመጣ።

ነገር ግን ጥያቄ አለኝ። ፒያሳ ሲፈርስ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ከዚያ የተነሡት ሰዎች የት ሄዱ? ዳር ነው የሄዱት። ፒያሳ በር ላይ ሻይ ሲያፈሉ የነበሩ፣ ጠዋት በእግራቸው አሥር ደቂቃ ሄደው ሥራ የሚገቡ፣ ልጃቸውን በእግሩ ትምህርት ቤት የሚልኩ ሰዎች ነበሩ። መንገድ የማይጨናነቅባቸው እነሱ ነበሩ! የመንገዱ መጨናነቅ መፍትሔ የሆነውን ሰው ከመሐል ከተማ አንሥተን፣ ዳር ወስደን፣ ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ውስጥ መልሰን አስገባነው። በምትኩ መንገዱን አሰፋንለት። ውኃውን ጨምረህ ቧንቧውን ማስፋት እንደማለት ነው። አስቀድሞ ማን ተጠየቀ? አሁን እዚህ አዳራሽ እንደተሰበሰብነው የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ‹‹የት ትሠራላችሁ? ልጆቻችሁ የት ይማራሉ?›› ተብሎ ነበር ወይ? እኔ ያነጋገርኳቸው የተነገራቸው መቼ እንደሚነሡ ብቻ ነበር።

ሰፊው መንገድ ራሱስ? ሰፊ ሆኖ ይመጣና ወደ አሮጌው ክፍል ሲደርስ እንደገና ቅል አንገት ይሆናል። ስለዚህ በሰፊው ላይ በፍጥነት እንደርስና በጠባቡ ላይ አብረን እንቆማለን። የቀለበት መንገዱም በ1990ዎቹ ሲሠራ ‹‹ከእንግዲህ ተገላገልን›› ተብሎ ነበር። ቀለበቱ ከተማውን ይከብባል የተባለው፣ አሁን ከተማው ቀለበቱን ከብቦታል።

ስለ መዘጋት ካነሣን አንድ ሳልናገር የማላልፈው አለ። መንገድ በመኪና ብዛት ብቻ አይዘጋም፤ በትእዛዝም ይዘጋል። እንግዳ ሲመጣ ይዘጋል፣ ባለሥልጣን ሲያልፍ ይዘጋል። በየዓመቱ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን ‹‹አማራጭ መንገድ ተጠቀሙ›› እንባላለን። የቱን አማራጭ? የአፍሪካ መዲና መሆን ክብር ነው፣ ክብሩን አንሸጠውም። ግን ለ20 ደቂቃ አጀብ ግማሽ ቀን የሚቆም ከተማ... ፊሽካው ተነፍቶ እጅ ተዘርግቶ ቆመን ሳለን አንድ አዛውንት አጠገቤ ‹‹ንጉሡ እንኳ ሲያልፉ ቆመው አቤቱታ ይቀበሉ ነበር›› ብለው አጉተመተሙ። እኔ ያን ዘመን አልደረስኩበትም፤ መስታወቱ ጥቁር መሆኑን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

በተክለ ሃይማኖት በኩል አንድ ምሽት ያየሁትን ልንገራችሁና ወደ መጨረሻው ልሂድ። አምቡላንስ ወደ ጥቁር አንበሳ አቅጣጫ ሊሄድ ይጮሃል። ግራው ቆሟል፣ ቀኙ ቆሟል፣ ከፊቱ አይሱዙ ዕቃ ያራግፋል። እኔ ባለሁበት ታክሲ ውስጥ አንዱ ወጣት ‹‹ተዉት፣ ጫት ነው የጫነው!›› አለና ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሻችሁም። ይህን ቀልድ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ከዚያ አምቡላንሱ ቀስ እያለ ከጎናችን ሲደርስ በመስኮቱ አየሁ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የተኛውን ሰው እጅ ጨብጣለች። እኛን አላየችንም። ታክሲው ውስጥ ዝም ተባለ። ሾፌራችን ወርዶ አይሱዙውን በጥፊ እየመታ ‹‹አንሣ! አንሣ!›› አለ። ጥቂት መንገድ ተገኘ። አምቡላንሱ ሲያልፍ ከኋላው ሦስት የቤት መኪናዎች ተከትለው በከፈተው ክፍተት ሾለኩ። ሰውየው ይዳን አይዳን አላወቅሁም።

መርካቶንም አትርሱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ጥበትና ግርግር ውስጥ ለመግባት ምን ያህል እንደተቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። መርካቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀን በ5 ሰዓት ከባድ መኪና ዕቃ ያራግፋል፣ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ታክሲው፣ ገበያተኛው አንድ ላይ ነው። የነጋዴውን ሀብት የበላው እሳት ነው፤ እሳቱን ያገዘው ግን መንገዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምለው ብዙ አይደለም፣ አዲስም አይደለም።

አውቶቡስ ለብቻው የሚሄድበት መንገድ ይሰጠው። ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በኩል ተሞክሯል፤ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ግን መኪና አያስቆምም፣ የሚያስከብር ያስፈልጋል። ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ መስመርማ ስንሰማ ነው የኖርነው። ሚኒስቴሮች በሙሉ በአንድ ሰዓት መግባት የለባቸውም፤ ግማሹ በሁለት፣ ግማሹ በሦስት ቢገባ ለመንግሥት አንዲት ብር አያስወጣውም፣ አንዲት ደብዳቤ ናት። የመርካቶ ጭነት በሌሊት ይራገፍ፤ ተሸካሚዎቹ የሌሊት አበል ይከፈላቸውና። የቆሙት ባቡሮች ተጠግነው ይነሡ፤ ከአዲስ መንገድ ይረክሳል። ደግሞም ከመሐል ከተማ የሚነሣው ሰው በዚያው አካባቢ ቤት ይሠራለት። ወለል በወለል ሆኖ ቢሆንም ይሠራለት። ይኼ ነዋሪውን መጥቀም ብቻ ሳይሆን፣ ሜክሲኮ ላይ ያለውን ሰልፍ ማሳጠር ነው።

የባለ መኪናዎችን ፊት አየሁት፤ ‹‹አውቶቡሱ መንገዴን ሊቀማኝ ነው›› እያላችሁ ነው። ልክ ናችሁ፣ ይቀማችኋል። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ትበሳጩ ይሆናል። ግን ከፊታችሁ የቆሙት ሰዎች ግማሾቹ አውቶቡሱ ቶሎ ቢደርስ መኪናቸውን ቤት ትተው የሚወጡ ናቸው። እስቲ ማታ ላይ በቀይ መብራት ቆማችሁ ከፊትና ከኋላ ያሉትን መኪናዎች ቁጠሩ፤ ስንቱ ውስጥ ሰው ብቻውን ነው?

ታክሲዎቹን በሚመለከት ደግሞ ቅጣት ብቻውን አይበቃም። ያ ሾፌር ቢቀጣ ቅጣቱን የሚከፍለው ነገ አንድ ጊዜ ጨምሮ አቆራርጦ ነው። ገቢው የሚቆጠርበት መንገድ ካልተለወጠ ጠባዩ አይለወጥም። ማኅበራቱ፣ ባለንብረቶቹና ሾፌሮቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ሾፌሩ ጭምር ነው የምለው፤ ባለንብረቱ ብቻ አይደለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። አሁን 10 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፣ የጥያቄ ጊዜ አለ ተብሏል። አንድ ልመና ግን አለኝ ለአዘጋጆቹ። የጀሞና የአያት፣ የቱሉ ዲምቱ ሰዎች በሩ አጠገብ እንደተቀመጣችሁ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ጥያቄ የመጠየቅ ቅድሚያ ለእነሱ ይሰጥልኝ። የፒያሳና የአራት ኪሎ ሰዎች፣ የቀራችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ትደርሳላችሁ።